በሽምግልና ስለታረቁት ጎሚኒዎች

ለክቡር ኦቦ ዋቅወያ
የ«መንገድ በጎ» ሚኒባስ ማኅበር ሊቀ መንበር
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በፈያና በነጋ፣ ማለት በጤናና በሰላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥንትዎ ሳይጎድል እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የማኅበሩን ሚኒባስ ከነቀምቴ ዲጋ የሚያመላልሰው የሾፌር ቀነአ ባለቤት ንጋት ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ጥበብዎ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለው የማኅበሩ አዳራሽ ብቻ ተዘግቶ እንዳይቀር ነው።

ላልሰሙት ላስረዳ። ጎሚኒ የመኪናን እግር ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ብረት ውስጥ የሚገባ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርግ ትንሽ ነገር ነው። የመኪኖቹ ጎሚኒ ባለቀ ጊዜ የማኅበሩ አባል ኦቦ አዱኛና ወዳጆቻቸው ኮረኮንች የሚችለው ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራው ነው አሉ፤ ነባር ሾፌሮች ደግሞ ጉድጓዱን የሚያበርደውና ለተሳፋሪ ወገብ የሚያዝነው የለመድነው ላስቲክ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ባለቤቴ እንደሚለው ከሁለቱ የትኛውም ቢገባ መኪናው በደህና ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ማንንም ማስከፋት ስላልወደዱ ሽማግሌ አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹም እርጥብ ሣር ይዘው፣ ማንም እንዳይሸነፍ፣ በቀኝ በኩል ፖሊዩሪቴን በግራ በኩል ላስቲክ እንዲገባ ፈርደው መርቀው ተነሡ። ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ተረት በመኪና እግር ላይ የሞከረ ከእርስዎ በፊት አልተሰማም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ላስቲኩ ወዳለበት ወደ ግራ ስለሚስብ፣ ከፊት የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ከቅርብ እንድናይ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጎን ተቀምጬ ወደ ዲጋ ስንወርድ ጥጃ ዘልሎ ገባ። ቀነአ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ጥጃውን ትቶ ከፊት ወደሚመጣው የጭነት መኪና አፍንጫ ዞረ። የጭነቱ ሾፌር ወደ ቦይ ባይወርድልን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር። ከኋላችን ተሳፍረው የነበሩት እናታችን አዴ ድርቤ ዲጋ እስክንደርስ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ እኔ ግን ጸሎትም ጠፋኝ፤ እጄ በሩን እንደጨበጠ ቀረ። እፈራለሁ፣ ኦቦ ዋቅወያ። ቀነአ ወጥቶ እስኪመለስ የምሠራው ሥራ አይታወቀኝም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የማነሣው በአምላኬ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ ተሳፋሪውን በቀኝ በኩል ለመቀመጥ ሲጋፋ ማየት ደስ ይላል፤ ግራው ለማያውቅ እንግዳ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ይህን እርቅ ያፈረሰ ሾፌር ሽማግሌ እንደናቀ ተቆጥሮ ከተራ እንደሚወጣ ስለደነገጉ አመሰግናለሁ። ግን ለባለቤቴ ድንጋጌው አያስፈልገውም ነበር። ሁለቱንም ወገን አንድ ዓይነት እንዲያስደርግ እግሩ ላይ ወድቄ ብለምነው፣ «እርጥብ ሣር የተያዘበትን ቃል አላፈርስም፤ መሪውን አጥብቄ እይዛለሁ» አለኝ። ያደገበት ወግ ነውና አልፈርድበትም። እርስዎም ይህን ስለሚያውቁ ነው ሽማግሌ ያስቀመጡት ብዬ ግን አንዳንዴ እጠረጥራለሁ። የራስዎን መኪና በዚያው ሰሞን ጋራዥ አስገብተው፣ ግራና ቀኙን አንድ ዓይነት ላስቲክ ማስደረግዎን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። የእርስዎ ግራና ቀኝ ያለ ሽማግሌ በመስማማታቸው እንኳን ደስ አለዎት።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ይጥሩና ቃላቸውን ራሳቸው ያንሡት። ላስቲክ ቢሉ ላስቲክ፣ ፖሊዩሪቴን ቢሉም ፖሊዩሪቴን፤ ወገቤ ይንቀጥቀጥ፣ ባሌ ይመለስልኝ።

በማስተዋልዎ ጥላ ሥር ከመንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቅ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
ንጋት
ከባኬ ጃማ ሰፈር

ማስታወሻ፦ ልጃችን ሌንሳ ከሰኞ ጀምሮ ዲጋ ወደምትማርበት ትምህርት ቤት ከአባቷ ጋር ትመላለሳለች። በየትኛው ወገን እንደማስቀምጣት ሽማግሌዎቹ ይፍረዱልኝ።