ሞተሩ የሚያድርበት ግቢ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከክረምቱ ወዲህ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? ላሚቱስ ከዚያ ሁሉ ድርቅ ተርፋ ቆመች? እኔ ጤና ነኝ፣ ተመስገን። ከስቷል ብለው የነገሩሽ ሰዎች አልዋሹም፤ ግን በዚህ ዘመን ወፍሮ የሚታይ ሰው ነው የሚያሳፍረው።

ደብዳቤሽን የጻፉልሽን፣ ይህንንም የሚያነቡልሽን ጋሼ አድማሴን ከነቤተሰባቸው ሰላም በይልኝ። ልጃቸውን አልታዬንም እንዲሁ። ለእሷ ሽማግሌ መላክሽን፣ እሳቸውም ለጥር እሺ ማለታቸውን በራሳቸው እጅ ጽሕፈት አንብቤ አፈርኩ። አማቴ ይሆናሉ የተባሉት ሰው የእናቴ ጸሐፊ ሲሆኑ ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያለ አይመስለኝም። በሞተር ብስክሌቱ ወረኢሉ ድረስ እንድመጣና ዘመድ ሁሉ እንዲያየው ማለትሽ ደግሞ አሳቀኝ። ሙሽራው እኔ ነኝ ወይስ ሞተሩ?

የምጽፍልሽም የዚያኑ የሞተር ነገር ነው። ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

እንደምታውቂው ሞተሩ የክሊኒኩ ነው። ረሃቡ በከፋ ጊዜ የመጡ የእርዳታ ሰዎች ትተውት ሄዱ፤ መንዳት የሚችል ስለጠፋ ለእኔ ለድሬሰሩ ደረሰኝ። መድኃኒት ጭኜበት ወደ ዓባይ ቆላ እወርዳለሁ። ቆላ ሲደርስ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ተመልሼ ደጋ ስወጣ ግን ያስለዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ለምን? ይህች ለምን እንቅልፍ ነሳችኝ። የአባባን የኪስ ሰዓት ፈታታህ ብለሽ የገረፍሽኝ ትዝ ይልሻል? ያው ነኝ፣ አልተለወጥኩም። ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ወርደህ ስለማትሳለም ነው አሉኝ። ባለ ሱቁ ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበት ነው አለኝ። የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ የራሱ አለቃ ማን እንደሆነ ስላልታወቀው፣ ወደፈለግኸው ወስደህ አሠራው፣ የት እንደምትነዳውም አንተው ታውቃለህ ብሎ ተገላገለኝ።

እህል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ጭኜ ደሴ ወሰድኩት። እዚያ አራጌ የሚባል ሰው አለ። ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚጠጣውን፣ ባለ ሁለት ምት የሚባለውን ሞተር ብቻ ነው የሚነካው። መኪና ይዘሽበት ብትሄጂ በአገጩ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ያሳይሻል። አሥመራ ከጣሊያኖች ጋር ሠርቷል፤ ኩሩና ቁጡ ሰው ነው። አስነስቶ ያዳምጠዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ አላስነሳውም። መጀመሪያ የጠየቀኝን ታውቂያለሽ? ሞተርህ የሚያድረው የት ነው? አለኝ።

መካነ ሰላም አልኩት። ወዲያው መፍታት ጀመረ። ካንዴላ የሚሉትን እሳት ጫሪውን አውጥቶ አሳየኝ፤ ጥቀርሻ ለብሷል። ሞተርም ሳንባ አለው አለኝ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ግን ያው በቆላው ልክ ይወርድለታል፤ ስለዚህ ሳይተነፍስ እየጎረሰ ይታነቃል። እማዬ፣ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ለካ ኃጢአትም ላምባም አይደለም፣ አየር ነው። ታዲያ ዳገት ስንወጣ እኛን የሚያለከልከን እሱ ነው ወይ? በቅሎስ? አሞራስ? እያልኩ ሰውዬውን እስኪሰለቸው ጠየቅሁት።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ከፈተ። ውስጡ ነጭ ነገር ተጠቅጥቆበታል። በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ወደ ብርሃን አወጣውና ሳቀ። የጥጥ ብናኝ ነው። ይህ ሞተር መካነ ሰላም አያድርም አለኝ። ጥጥ የሚባዘትበት ግቢ ነው የሚያድረው፤ ያውም አንድ ሁለት ቀን አይደለም። የዶሮ ላባም አገኘበት፤ እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ቤት ድረስ የሚያስገቡለት ሞተር ነው ማለት ነው አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው የአየር ማጣሪያ ሆነ። ከዚያ እናትህ የቆላ ሰው ናቸው እንዴ? አለኝ። የሰው ሞተር ከዶሮዎቿ ጋር የምታሳድር እናት ብቻ ናት ብሎ። እኔ አላረምኩትም። እሱም አዎ እንዳልኩ ቆጠረው።

ለካ አልነገርኩሽም። ቆላ ስወርድ መድኃኒቱንና ለሕፃናቱ የሚታደለውን የወተት ዱቄት የማስቀምጠው ሩቂያ የምትባል ሴት ግቢ ነው። ባሏ ካቻምና እህል ፍለጋ እንደወጣ ተስቦ ገደለው። ፈትል ፈትላ ነው የምትኖረው። የወተቱን ዱቄት ስታድል የራሷን ድርሻ መጨረሻ ላይ አድርጋ፣ ዱቄቱ አልቆባት ጣሳውን ስታራግፍ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነገር ሲያስገርማት ያ ረቢ ትላለች፤ አሁን አሁን እኔንም ለምዶብኝ ቄሱ ይታዘቡኛል።

አራጌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ለደጋ ላድርግልህ ለቆላ? አለኝ። ለሁለቱም አልኩት። ተቆጣ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አለኝ። ለደጋ ከሆነ ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን ክዳን ይልገዋል፣ የቤንዚኑንም ቀዳዳ ያጠብበዋል። ያን ጊዜ ከሞተሩ ሳልወርድ ወረኢሉ እገባለሁ። ነገር ግን በዚያው ቆላ ብወርድበት ሙቀቱ ፒስተኑን ይበላዋል። ለቆላ ከሆነ ክዳኑ አይነካም፤ ጥቀርሻውን ጠርጎ፣ ያለቀውን ቀይሮ ይመልስልኛል፤ የወረኢሉን ዳገት ግን እየገፋሁ ነው የምወጣው። የተላገ ብረት ተመልሶ አይበቅልም፣ አስበህ ንገረኝ ብሎኝ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

የተፈታታውን ሞተር እያየሁ ቁጭ አልኩ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታየሽኝ። አባባ ካረፈ ወዲህ ጎረቤት ፊት ቀና የምትይበት ነገር አልነበረሽም፤ በሞተር ስገባ ማየት ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቆላ ደግሞ ሰው ገና ከረሃቡ ሳያገግም ወባና ተስቦ እየጣለው ነው፤ ያለ ሞተር አይደረስለትም። ይህ እውነት ነው። ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብልሽ የሚያነቡልሽ ጋሼ አድማሴም አያምኑኝም።

አራጌ ሲመለስ ለቆላ አልኩት።

ሠርቶ ሲጨርስ አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋ፣ አንዲት ቡሎን ትንሽ አላላ፣ እንደገና አዳመጠ። ሊያስረክበኝ ሲል፣ እናትህን ሰላም በልልኝ፣ አሁን ድምፁን ይወዱታል አለኝ። ይኸው፣ ሰላም ብሎሻል።

ጋሼ አድማሴ፣ ይህን ነገር በእርስዎ አፍ እናቴ እንድትሰማው ማድረጌ ነውር ነው። በሌላ አንባቢ ባሰማት ግን ከጀርባዎ የዶለትኩ ይመስል ነበር። ከእርስዎም ከአልታዬም ያገኘሁት ክፉ ነገር የለም። በእኔ ሰበብ ጥር እንዳያልፍባት፤ የሚገባትን ሰው ይስጧት። እኔንም ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። ክሊኒኩ ያለው መጽሐፍ ላይ ፈልጌ አጣሁት። አራተኛ ወሯን የያዘች ሴት የእርዳታው ስንዴ ገና ሲሸታት ያጥወለውላታል። ትንሽ ማሽላ ቢሆን ይረጋላት ነበር፤ እሱም ገበያ ላይ ጠፍቷል። አንቺ እኔን ስታረግዢ ምን ነበር የሚረጋልሽ? አባባስ ከየት እየፈለገ ያመጣልሽ ነበር? ቶሎ አስጽፊልኝ። ለበሽተኞቼ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ የዘራሽውንም ለአጨዳ ታድርስልሽ። ብትቆጪኝም ምርቃትሽን አትንፈጊኝ። ስትመርቂ ደግሞ የእኔን ስም ብቻ ጠርተሽ አታቁሚ።

ምንጊዜም ልጅሽ