ለውሃ ቢሮ የተላኩ ሠላሳ ስምንት ኢሜይሎች

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ዛሬም የትምህርት ቤቱ ግቢ ቧንቧ ደረቅ። ሁለት ወር ሞላው። ልጆቹ ከየቤታቸው በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያልቃል። መጸዳጃ ቤቱንስ ባላነሳው ይሻላል።
ሌላው ሁሉ እንደወትሮው... አይ፣ አንድ ነገር አለ! የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ተሰጠኝ። ስድስት ኮምፒውተር፣ የሚሠሩት አራት። ለሠላሳ ስምንት ልጅ። ይሁን!
ዳይሬክተሩ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ሞክሪው። ጨዋታ ብቻ ከሆነ ክፍሉን ለወንበር ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ" አለኝ።
ጨዋታ? ቆይ፣ አሳየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ለክፍሉ አንድ የኢሜይል አድራሻ አወጣን። የይለፍ ቃሉን ልጆቹ መረጡ። "ለማንም አይነገርም፣ ለእናት ለአባትም ቢሆን" ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሰበክሁ። በምሳ ሰዓት ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ።
"ቲቸር፣ የይለፍ ቃሉ ላይ ቁጥር ቢጨመርበት አይሻልም?"
ሳቄ አመለጠኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ለማን እንጻፍ? እርስ በርስ ተጻጻፉ ብል "ጠበቃ" ተነሳች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሳትከራከር ደብተር አትገልጥም፤ ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው።
"ቲቸር፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ ለምን እጽፋለሁ? አፍ አለኝ አይደል?"
"እሺ፣ ለማን ትጽፊያለሽ?"
"ውሃውን ላጠፋብን ሰውዬ።"
ክፍሉ በሁካታ ተናወጠ! እንዴት እኔ አላሰብኩትም? የቢሮው የኢሜይል አድራሻ እቤት በሚመጣው የውሃ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አለ። ከባሌ ኪስ አወጣሁት። "ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?" አለ። ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።
ልጆቹ ረቂቃቸውን በደብተር ጽፈው ሰኞ ያመጣሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ወይ ጉድ! ሠላሳ ስምንቱም ረቂቅ "ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል?" እያለ ይጀምራል። ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል ብለው የየቤታቸውን ትልልቅ ሰዎች ጠይቀው ነው። የቢሮው ሰው፣ ባለቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ተብለዋል።
"ውሃውስ?" አልኩት አንዱን።
"ቲቸር፣ ገጹ አለቀ።"
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፦ ሰላምታ አንድ መስመር። ከዚያ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ። ከዚያ የምትፈልጉትን። በመጨረሻ ስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ላክን!! በአራት ኮምፒውተር፣ በወረፋ፣ በግፊያ። "ላክ" የሚለውን ሲጫኑ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።
"ሄደ?"
"ሄደ።"
"አሁኑኑ? ደረሰ?"
"ደረሰ።"
አንዱ አላመነኝም፣ በመስኮት ወደ መንገዱ አየ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ቤት ስገባ እየዘፈንኩ ነበር አለ ባሌ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ደስታዬ አንድ ቀን አላደረም። የተላኩትን ቁጭ ብዬ ሳነብ የጠበቃ ላይ ደረስኩ። "ዳይሬክተራችን ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈዋል። የውሃ ቢሮ ሰዎች እንቅልፋሞች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ተኝታችኋል?"
የሰማችሁትን ጻፉ ያልኩት ማነው? እኔው። የሄደ ኢሜይል ደግሞ አይመለስ...
ከሌላ ከሚሰማ ብዬ ራሴ ሄጄ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።
"ከመሥሪያ ቤት ጋር ልታጣዪኝ ነው? እንግዲህ ውሃው ጭራሽ ቀረ!"
"ያላሉትን አልጻፈችም" አልኩት። ይቺ ምላሴ!
"ቁልፉን አምጪ።"
ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
"ቲቸር፣ መልስ መጣ?" አርባ ጊዜ። ክፍሉ ለምን እንደተዘጋ አልነገርኳቸውም። ጠበቃ አልጠየቀችም፣ ታየኛለች ብቻ። አውቃለች ማለት ነው? አንጀቴን በላችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ዛሬስ ጉድ ነው!
ጠዋት ገና ከበሩ ሳልገባ ዘበኛው ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ቲቸር! መጥቷል!" በዚያው በማይነገረው የይለፍ ቃል በየማለዳው ይከፍተው ኖሯል። ልቆጣው ነው ወይስ ልሳመው?
"ውድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አልተኛንም። ነገር ግን ከትምህርት ቤታችሁ እስከ ዛሬ አንድም ደብዳቤ አልደረሰንም። የመጀመሪያው የእናንተ ነው። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ እንልካለን።"
ለዳይሬክተሩ አሳየሁት። "እንዴት አልደረሰም!" ብሎ እየነዳኝ መዝገብ ቤት ገባ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የወጪ መዝገቡን ገለጠች። ሦስቱም ደብዳቤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ማኅተሙም ተመትቷል።
"ይኸው፣ ወጪ ሆኗል" አለች።
"ማን አደረሰው?"
"ተላላኪውማ በክረምት ለቀቀ፣ ሌላ አልተቀጠረም..."
መሳቢያዋን ሳበች። ሦስቱም ፖስታ እንደታሸገ፣ ተደራርቦ ተኝቷል።
ዳይሬክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ስም ሲያጠፋ ከርሞ... አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 16
ሁለት ሠራተኞች መጡ። ከአጥሩ ውጭ ቱቦው ተሰብሮ ኖሯል። ልክ በምሳ ሰዓት ቧንቧው አየር ተነፈሰ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ! ልጆቹ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ምን አባቱ!
ከሰዓት ዳይሬክተሩ ቁልፉን ይዞ መጣ። ራሱ ከፈተልን። ከዚያ ግን አልወጣም፣ ጠበቃ አጠገብ በትንሿ ወንበር ተቀመጠ።
"ቢሮውን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ማመስገንም። እንዴት እንደሚላክ አሳዪኝ እስቲ።"
በሁለት ጣቱ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። እሷ ከጎኑ ሆና አነበበችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።
"ጋሼ፣ ሰላምታ አንድ መስመር ይበቃል።"
ይቆጣል ብዬ ነበር።
ሰውዬው ግን ያንን ሁሉ ሰላምታ በእርጋታ አጠፋው። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ጀመረ። "ላክ" የሚለውን ተጫነ።
"ሄደ?" አላት።
"ሄደ፣ ጋሼ።"
"መዝገብ ቤት ሳይገባ?"
"ሳይገባ።"
ሲወጣ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ተወው።