ቀይ ክዳን፣ ሰማያዊ ክዳን

ሰኔ 10
ዝናብ። ልጄ ስመኝ ሁለት ብልቃጥ ክኒን ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ስለ መድኃኒት ታስተምራለች። "አባዬ፣ አንዱ ለማስታወስ ይረዳል የሚባል ቅጠል ነው፤ ሌላው ባዶ ዱቄት። የቱ የቱ እንደሆነ አልነግርዎትም። አንድ ወር ከባለ ቀይ ክዳኑ፣ አንድ ወር ከባለ ሰማያዊው ይዋጡ። የረሱትን ይጻፉ።" አባቷን ለፈተና አስቀመጠች እኮ!
ምን ላድርግ… ባለፈው ማኅሌት ዜማው መሃል ላይ ጠፋብኝ። አርባ ዓመት የመራሁት ሰውዬ! ለደብረ ታቦር በዓልም የምመራው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ቢጠፋብኝስ?

ሰኔ 24
ቀዩ። የበዓሉን የዋዜማ ዜማ ለዳኛቸው መጽሐፍ ሳላይ ዘለቅሁለት። ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ከእኔ ቀጥሎ እሱ ነው። አንድም አልሳትሁ።
ከሰዓት ጉሙ ደጃፌ ገባ… ሸለብ አረገኝ። ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ነኝ፤ ይሻው ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። አብሮ አደጌ። ተማሪ ሳለን አእምሮ ይከፍታል ብለውት አብሾ የሚሉትን ዕፅ ጠጣ። ሦስት ቀን ከዛፍ ጋር ሲያወራ ሰነበተ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። የሠመረለትን ብቻ እናወራለን። ይሻውን ማን ቆጠረው?

ሐምሌ 6
ለስመኝ ደወልሁ። "ቅጠሉ ቀዩ ነው፣ በቃ!"
"ይጻፉ እንጂ አይፍረዱ።"
ቁጡ። ቁርጥ እናቷን።

ሐምሌ 19
ሰማያዊው። ዋዜማው ላይ ሦስት ቦታ ሳትሁ። ዱቄት ምን ያረግልኛል…

ሐምሌ 27
የጎረቤቴ ስም ጠፋኝ። ከቁርስ እስከ ምሳ ፈለግሁት። አለምወርቅ። ፈራሁ።

ነሐሴ 11
ስመኝ መጥታ የጻፍሁትን አየች፤ ደብተሩን ከደነችው። "አባዬ… ዱቄቱ ቀዩ ነበር።"
ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ መሰለኝ።
"ቅጠሉ አይሠራም ማለት ነው?"
"በአንድ ሰው አይታወቅም። በብዙ ሰው የተሞከረውም ያን ያህል ተስፋ የለውም። ሐኪም ይይዎት።" እጄን እንደያዘች አልለቀቀችም።
ታዲያ ሰኔ ላይ በምን አስታወስሁ? ይረዳኛል ብዬ ስላመንሁ? ወይስ ሕመሙ ገና አልገፋ ኖሯል?

ነሐሴ 13
ማኅሌቱ ሳይጀመር ለዳኛቸው ነገርሁት። "ዛሬ አንተ ምራ።"
"የኔታ፣ እርስዎ እያሉ?"
"እያለሁ።"
መራ። ከጎኑ ቆምሁ። አንዲት ዜማ ላይ ሲደርስ ሰውነቴ ቀለለኝ… አቤት ማማሯ! ሲያበቃ ጠጋ ብዬ፣ "ይችን ማን አስተማረህ?" አልሁት።
ዓይኑ እንባ ሞላ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።