የአባታችን ጠመንጃና ቀለል ያሉት ጥይቶች

ውድ ወንድሜ አርቪድ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዳሌህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተሻለህ? ባለቤትህ ማርሊስስ እንዴት ናት? የደሴታችሁ የኮዲያክ ዝናብ ዘንድሮ ፋታ ሰጣችሁ ወይ? እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። ስንዴው አምሮበታል፤ ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ «ስልሳ ስምንት ዓመትሽ ነው፤ ትከሻሽም በብሎን ተጠግኗል። ያን ጠመንጃ ስቀዪውና ዕረፊ» ብለኸኛል። አልሰቅለውም። የተኩስ ክለቡን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ከእያንዳንዱ መሥራች ቤተሰብ አንድ ሰው በየሴፕቴምበሩ በዚያ መሥራች ጠመንጃ ውድድሩን ካልጨረሰ የመሥራቹ የተኩስ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። አራተኛው ቦታ ላይ የተጻፈው የአባታችን ስም ነው። እኔ ቆሜ እየሄድኩ ማንም አይፍቀውም።

ሐኪሜ የጠመንጃው እርግጫ ከቀነሰ መተኮስ ትችያለሽ አለችኝ። ስለዚህ ከማርች ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ጥይት ስሞላ ከረምኩ። የተተኮሰውን ቀለህ አጥቤ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቼ፣ ቀላል አረር እገጥምበታለሁ። ችግሩ ይህ ጠመንጃ ጥይቱን ራሱ የሚያቀባብለው በባሩዱ ጋዝ ኃይል መሆኑ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ትከሻዬ ደስ ይለዋል፣ ጠመንጃው ግን ያኮርፋል፤ ባዶውን ቀለህ ነክሶ ቀጥ ይላል። በውድድሩ ፈጣን ዙር ደግሞ ስምንቱንም ጥይት ራሱ እያቀባበለ ካልተኮሰ አይቆጠርም።

የክለቡ ሊቀመንበር ዱዌይን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ቶርዲስ፣ ጠመንጃው እንኳ ጡረታ ወጥቷል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ቦታውን የተመኘኸው ለማን ነው?» አልኩት። ለአማቹ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሳቀ እንጂ አልካደም።

ዘጠኝ ጊዜ ሞልቼ ዘጠኝ ጊዜ ሲከሽፍብኝ የአባታችንን የጥይት ደብተር አወጣሁ። ከሞተ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። አንዱ ገጽ ላይ በራሱ እጅ «ለቶርዲስ፤ ቀለል ያለ፤ በደንብ ያቀባብላል» ይላል። ቀኑን ሳየው አንተ ዐሥራ ሦስት፣ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮስንበት ቀን ዋዜማ ነው።

ያን ቀን አትረሳውም። መጀመሪያ አንተ ተኮስክ፤ ሰደፉ ትከሻህን አበለዘው፣ አለቀስክ፣ አባታችንም በሰው ሁሉ ፊት «እህትህ ትሻላለች» አለህ። ቀጥዬ እኔ ስምንቱንም ተኩሼ እየሳቅኩ ተነሣሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በየገናው የድንች ቂጣችን ሌፍሴ ላይ ቅቤ እየቀባሁ ይህንኑ እያነሣሁ አሹፌብሃለሁ። ሁለተኛ ጠመንጃ ያልነካኸው፣ ዐሥራ ስምንት ሲሞላህም ሻንጣህን ይዘህ የወጣኸው ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም። አርቪድ፣ ያንተ ሙሉ ኃይል ያለው የጦር ሠራዊት ጥይት ነበር፤ የእኔ ግን እሱ ራሱ ቀለል አድርጎ የሞላው ነበር። አባታችንን እወደዋለሁ፤ ያን ገጽ ሳነብ ግን ተናደድኩበት። ለአንተም ለምን እንዳልሞላልህ የሚጠየቅ ሰው የለም። እኔ ግን አለሁ። አፍሬአለሁ፤ ይቅር በለኝ።

እሱ የጻፈው ባሩድ ዛሬ ስለማይገኝ ልኩን አልተከተልኩም። የሚቻል መሆኑን ማወቄ ግን ልብ ሰጠኝ። የዘመኑን የጥይት አሞላል መጽሐፍ ገልጬ፣ ለዚህ ጠመንጃ ከተፈቀደው ሳልወጣ ባሩዱን ለወጥኩ። ባለፈው ሰኞ ጠመንጃው ስምንቱንም አንድም ቀለህ ሳይነክስ ጨረሰ። ትከሻዬ ላይ፣ በመዶሻ አንድ ምስማር የመታሁ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ዱዌይን ቀለሆቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሄደ።

ውድድሩ ሴፕቴምበር 14 ነው። ደንቡ «ከቤተሰቡ አንድ ሰው» ይላል እንጂ «ቶርዲስ» አይልም። ሁለት ሳምንት ቀድመህ ና፤ እኔ አለማምድሃለሁ። የምትተኩሰው ተኝተህ ስለሆነ ዳሌህን ሰበብ አታድርግ። መቶ ሃያ ጥይት ሞልቼልሃለሁ።

ማርሊስን ሳምልኝ፤ የላከችው በጭስ የደረቀ የሳልሞን ዓሣ አልቋል። ልጅህን ኤይናርን፣ ሥራ ቢበዛበትም ስልክ ያንሳ በልልኝ። የልጅ ልጅህን ኬልሲን፣ አያትሽን አውሮፕላን ላይ አሳፍሪው ብላሻለች በላት። ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል፤ ያስመዘገብኩትም ያንተን ስም ብቻ ነው።

እህትህ ቶርዲስ
ሃልቮር ክሪክ፣ ሰሜን ዳኮታ
ኦገስት 3 ቀን 2019