የጀሶዋ ሙሽራ ቀሚስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት
አድራሻዬ፦ የሙዚየሙ ግቢ፣ ከድንጋዩ አንበሳ ቀጥሎ ያለው ድንኳን

ለምወድሽ፣ ግን ለማልፈራሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሚህሪባን፤

እንዴት ነሽ? ባልሽስ፣ ያ አንገተ ረጅሙ? ጀርመን ገብቶ አንገቱ ጨመረ ወይስ ባለበት ነው? እኔ ዙላል ነኝ። ገና ከጽሑፌ እንዳወቅሽኝ አልጠራጠርም። አስተማሪያችን «ዶሮ ቀለም ረግጣ ደብተርሽ ላይ ዞረች እንዴ?» ይለኝ የነበረው እጄ እስካሁን አልተሻለውም። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ስለወደድኩት ነው ብያችኋለሁ፤ አላመናችሁኝም እንጂ። የአባባ የእጅ ጽሑፍ ለእኔ አልደረሰኝም። በሙዚየሙ መስታወት ሥር ያሉትን ካርዶች ሁሉ አሁንም የሚጽፈው እሱ ነው፤ «የነሐስ መጥረቢያ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት» ብሎ ሲጽፍ እንኳ የሠርግ ጥሪ ይመስላል።

የመሬት መንቀጥቀጡን በሬዲዮ ሳትሰሚ አትቀሪም። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሁለታችንም ደህና ነን። ቤታችን አልወደቀም፤ እንደ ሰከረ ሰው ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ እኛም ከሰፈሩ ሰው ጋር ሙዚየሙ ግቢ ድንኳን ተክለን ገብተናል። ካልሲዬን የማሰጣው አንድ የጥንት ትልቅ ሰው የተቀበረበት የድንጋይ ሣጥን ላይ ነው። ሳሙናችን የሚቀመጠው አንበሳው አፍ ውስጥ ነው። አክስት ዱርዳኔ፣ ያቺ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሳሙና ልታወጣ እጇን ወደ አንበሳው አፍ በሰደደች ቁጥር ከኋላዋ ሆኜ አገሳለሁ። በአራተኛው ቀን «አንቺን መሬቱም ቀምሶሽ ነው የተፋሽ» አለችኝ። ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ መሬቱ እንደገና ነቀነቀን፤ ሁለታችንም አንበሳውን አቀፍን።

እንዲህ ነው እንግዲህ ኑሮው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይነቀንቀናል። ሰው ሾርባ ሲጠጣ እንኳ ዓይኑ ሳህኑ ላይ አይደለም፤ ሾርባው ይወዛወዛል ወይ ብሎ ነው የሚያየው።

ሙዚየሙ ቆሟል፤ ግን ከበሩ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ዳይሬክተሩ ከአንካራ መርማሪዎች እስኪመጡ ድረስ ማንም እንዳይገባ ብሎ፣ ራሱ ቀድሞ ወደ አንካራ ሄደ። አባባ ስንጥቁ ላይ ቀጭን ወረቀት በሙጫ ለጠፈበት። ወረቀቱ ካልተቀደደ ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። ይህን ለጥፎ ሲያበቃ በቀን ሦስት ጊዜ መግባት ጀመረ። «ዕቃውን ቆጥሬ ልውጣ» ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት ዘበኛ የሆነበት ቤት ነው፣ ቁልፉም እሱ ጋ ነው፤ ማን ይከልክለው? ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እኔ በር ላይ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ስምንት መቶ ደረስኩ። ለአክስት ዱርዳኔ «ከዚህ በላይ መቁጠር ሳልማር ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት» ብላት እንኳ አልሳቀችም። ሻሏን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ስለዚህ ያለኝን አንድ ሙያ አወጣሁ፦ ማስደንገጥ። የሂናውን ክፍል ታስታውሻለሽ፤ ከጀሶ የተሠሩት ሴቶች በሠርጓ ዋዜማ ሂና ሊቀቧት ሙሽራዋን ከበው የተቀመጡበት። ሙሽራዋ አሁን እናታችን የጠለፈችውን ቀይ ከፋይ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን በቀይ ዓይነ ርግብ ተሸፍና፣ አማቷ ወርቅ እስክታስይዛት መዳፏን ጨብጣ። እዚያ መሃል ተቀምጬ ስንቱን ጎብኚ እንዳስጮህኩ ከተማው ያውቃል። ሰኞ አባባ ለዳቦ ሲሰለፍ በኋላ መስኮት ዘልዬ ገባሁ። የጀሶዋን ሙሽራ ገፈፍኳትና ከመጋረጃው ጀርባ ወሸቅኳት። ቀሚሱን ለብሼ፣ ዓይነ ርግቡን ጥዬ፣ መዳፌን ጨብጬ ቦታዋ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ሲጠጋኝ በቀጭን ድምፅ «ሩስተም፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትገባ» ልለው ነበር። አንዴ ከደነገጠ ዝር አይልም ብዬ ነው።

መጣ። ግን ምንም አልቆጠረም። ነሐሱንም ሸክላውንም አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ሸሪፌ» አለ፤ የሞተችውን እናታችንን በስሟ እየጠራ። «ዛሬም አልወደቀብሽም፣ እሰይ።»

ከዚያ እንደ ጎረቤት ያወራት ጀመር። ትከሻውን እንደሚበርደው፣ እኔ ስቀልድ እየሳቀ ከድንኳኑ ጀርባ ሲሄድ ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ እኔ እንዳላይበት እንደሚፈልግ ነገራት። ይህን ሁሉ ለጀሶ ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ የአንቺ ነውና።

«ቀሚሱን የጠለፍሽው ለሚህሪባን ነበር። ሳትነግረኝ ስታገባ ተናድጄ ለሙዚየም ሰጠሁት። ካርዱን ራሴ ጻፍኩት። ‹የአካባቢው የሙሽራ ቀሚስ› አልኩ እንጂ የልጄ ነው ማለት አቃተኝ። አሁን ይህ ግድግዳ ከወደቀበት ምን ይዤ ነው የምታረቃት?»

እትዬ፣ ዓይነ ርግቡ ሥር እያለቀስኩ ነበር፤ የጀሶ ሰው አያለቅስምና አፍንጫዬን እንኳ መሳብ አልቻልኩም።

ያኔ መንቀጥቀጡ መጣ። መጀመሪያ የመዳብ ትሪዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጫጩ፤ ቀጥሎ ወለሉ ከሥራችን ሸሸ። አባባ ወደ በሩ አልሮጠም። ላዬ ላይ ተደፋ። ቀሚሱን ሊያድን ነው እንጂ እኔን አላወቀኝም። እኔ ደግሞ ፈርቼ እጁን ጭብጥ አደረግኩት። የጀሶ እጅ አይጨብጥም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ትንፋሹ ቀጥ ሲል ሰማሁት።

«ሸሪፌ?»

«ዙላል ነኝ፣ አባባ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስደነግጥ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ ማየትም አልፈልግም። የዕቃ መደርደሪያው ትከሻው ላይ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። ባይኖር ኖሮ የሚወድቀው ራሴ ላይ ነበር። እንዴት እንደወጣን አላውቅም። የገባሁበት መስኮት አሁን የለም፤ ግድግዳው ወርዶበታል። ግቢው ላይ አፈር ለብሰን ስንቀመጥ አየኝና «ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ከሙዚየም ወጥቷል» አለ። የቀሚሱ ቁጥር ነው። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት።

ነገ ሐሙስ የአንካራዎቹ ይመጣሉ። እያንዳንዱን ዕቃ ከካርዱ ጋር ያመሳክራሉ። የሙዚየም ዕቃ ያወጣ ሰው እስር ቤት እንደሚገባ እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ ለሁሉም የፈረመው ደግሞ አባባ ነው። እነሱ ሲገቡ የሚያገኙት ራቁቷን መጋረጃ ሥር የተወሸቀች ሙሽራ ነው። «ለመርማሪዎቹ እውነቱን እንንገራቸው፣ ልጅህ ጅል ናት በላቸው፣ ከተማው ይመሰክርልሃል» አልኩት። «ሃያ ሰባት ዓመት ሰውን አትንኩ ስል ኖሬ የገዛ ልጄ ለብሳው ወጣች ልበል?» አለኝ። ለማዳን አወጣነው እንበል ብለውም አይዋሽም። ታውቂው የለም? ዛሬ ትከሻውን አሳስሮ ሲመለስ ራሱ ገብቶ እንደሚመልሰው ነገረኝ። እኔ ልመልሰው ስለው በደህና እጁ ጆሮዬን ይዞ «አንቺ በዚያ በር ሁለተኛ አታልፊም» አለኝ። ጆሮዬን ከያዘኝ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። አላመመኝም። ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሐኪሞቹ ድንኳን ጋ ተሰልፏል፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ኮቱን በተሰበረ ትከሻ መልበስ ስላልቻለ ትቶት ሄዷል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ቀሚሱ ጉልበቴ ላይ ነው። አፈሩን አራግፌዋለሁ። በግራው እጅጌ ጫፍ እናታችን የጠለፈቻት ትንሽ ወፍ አለች፤ ሌላው ሁሉ አበባ ሆኖ እሷ ብቻ ወፍ ናት። አይተሻት ታውቂያለሽ?

አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። ለአባባም አልነገርኩትም። ዛሬ ጧት ስንጥቁን ሄጄ አይቼው ነበር። ወረቀቱ ተቀዷል።

ከበሩ እስከ ሂናው ክፍል አርባ እርምጃ ነው። ሙሽራዋን ማልበስ ይኖራል፤ ከጀርባው አሥራ አንድ ቁልፍ አለው። ከዚያ አርባ እርምጃ መውጣት። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ይነሳል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስለ ባልሽ አንገት እጽፋለሁ። ይህን ሁሉ ገጽ የሞላሁት ለምን እንደሆነ ገብቶሽ ይሆናል፣ አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ።

አክስት ዱርዳኔ አሁን አልፋ «ለማን ነው እንደ ዳኛ የምትጽፊው?» አለችኝ። ለጀርመን ንጉሥ አልኳት። «ዳቦ ላኩ በይው» አለችኝ። ደብዳቤውን ለእሷ ነው የምተወው። የወንድሟ ልጅ ነገ በከባድ መኪና ወደ እናንተ አገር ይነሳል።

አላህ አንቺንም ያንን አንገተ ረጅምም ይጠብቃችሁ። መሬታችሁ የማይነቃነቅ፣ ጣሪያችሁ የማይጮህ ይሁን። ልጅ ስትወልጂ በእኔ ስም እንዳትሰይሚ፤ በሌላ ስም እንኳ ይበቃሻል የሚያስቸግርሽ።

ፖስታው ላይ አድራሻሽን ገና አልጻፍኩም። ከሙዚየሙ ስወጣ እጽፈዋለሁ። እስቲ አሁን አገላብጪና እዪው። ዶሮ የዞረችበት ከመሰለሽ ሳቂ፤ ያመጣልሽ ልጅ እንዴት እንዳነበበውም ጠይቂልኝ። ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ ቆንጆ፣ ከመስታወት ሥር እንደሚቀመጠው ካርድ ከሆነ ግን የጻፈው አባባ ነው። በዚህም በዚያም ለአባባ ጻፊለት። የቀሚሱን ነገር ከእኔ እንዳልሰማሽ ሆነሽ፣ ቀሚሴ ደህና ነው ወይ በይው።

ታናሽሽ፣
ዙላል