የሸኮ ዳገትና የታምራት ይሉኝታ

ሰኞ፣ የካቲት ፲፮

«መርፌው ከመካከል አለፈ» ባልሁት ጊዜ ታምራት ማርሽ ቀነሰና፣ «አባ፣ አደራዎን፣ ዓይንዎ ከእሱ ላይ ይሁን» አለኝ። የዛሬው አገልግሎቴ ይኸው ነበር፤ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ መጠበቅ። ታምራት የንስሐ ልጄ ነው። የደብራችን የቡና ችግኝ የሚጠጣው ምንጭ ቢደርቅ፣ በጭነት መኪናው የውኃ ታንከር እየጎተተ ከቴፒ ሸኮ ድረስ ሊያወጣልን ቃል ገባ። ሞተሩ ዐምና ነድዶበት በብዙ መከራ አሠርቶታል፤ ዳግመኛ ቢነድ የልጆቹ እንጀራም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እሱ መንገዱን፣ እኔ መርፌውን ልናይ ተስማማን።

ሁለት ጊዜ ቆመን አሳረፍነው። ችግኙ ማምሻውን ጠጣ። ተመስገን።

ማክሰኞ

ሙቀቱ በረታ። ዳዊት ስደግም ዓይኔን የመክደን ልማድ አለኝ። በመካከል ታምራት በትሕትና፣ «አባ፣ ደክሞዎት ይሆን?» አለኝ። ብገልጥ መርፌው ቀዩን ሊነካ ቀርቧል። ከእንግዲህ ዓይኔን ገልጬ እጸልያለሁ።

ረቡዕ

ክፉ ቀን። ከመጨረሻው ጠመዝማዛ በታች መርፌው ቀዩን ነካ። ጥግ ይዘን፣ ሞተሩን ሳናጠፋ፣ እንዲበርድ ብንጠብቅም መርፌው የወረደው በጥቂቱ ነው። በዚያ ሸክም ዳገቱን እንደማይጨርስ ስላወቅን፣ የታንከሩን ውኃ ግማሹን መንገድ ዳር ለቀቅነው። ችግኝ ተጠምቶ ውኃ ወደ ገደል ሲወርድ ማየት ምን ያህል ያማል። የምሥራቁ መደብ ቅጠሉን አጠውልጓል።

ስንለያይ ታምራት፣ «አባ፣ ከዚህ በላይ ሞተሩ አይችልም፤ ከገባሁት ቃል ይፍቱኝ» አለ። ልፈታውም አልደፈርሁ፣ ልይዘውም አልደፈርሁ።

ሐሙስ፣ ገብርኤል

መኪናው አልወጣም። ከቅዳሴ መልስ የታምራት ሚስት አበበች ከእሱ ጋር መጥታ፣ «ለመሆኑ አባ፣ ማሞቂያውን ከፍታችሁታል?» አለችኝ። የምን ማሞቂያ ብላት፣ የጋቢናው ማሞቂያ ሲከፈት የሞተሩን ትኩሳት ወደ ውስጥ ስቦ ሞተሩን እንደሚያሳርፍ ነገረችኝ። «እኔን ሲጭን እኮ እንደ በቆሎ እሸት ነው የሚጠብሰኝ። ለእርስዎ ግን መክፈቱን አፍሮ ነው።»

ታምራት አቀርቅሮ፣ «በዚህ ፀሐይ፣ በዐቢይ ጾም፣ አባቴ ላይ እሳት ልልቀቅ?» አለ።

ለእኔ ክብር ሲል ሞተሩንም ችግኙንም ሊያሳጣን ነበር። ሳቅና ቁጣ አብረው መጡብኝ። «ነገ ትለቅብኛለህ» አልሁት። አበበች፣ «ነጭ ቀሚስ እንዳይለብሱ አባ፣ ላቡ ያሳጣዎታል» ብላ ሄደች።

ዓርብ

ለቀቀው። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን፤ ቢሆንም ከታች የሚወጣው አየር እግሬን ይለበልበዋል፣ ቀሚሴ ከወንበሩ ተጣበቀ።

«ልዝጋው አባ?»

«አትዝጋ።»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «አሁንስ ልዝጋው?»

«ልጄ፣ ገና ዛሬ ጾም መጾሜ ነው፤ አታስገድፈኝ።»

ሳቀ። መርፌው ከቀዩ እየራቀ መጥቶ ከመካከል ጥቂት ከፍ ብሎ ጸና። አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፈን፣ ታንከሩ እንደ ሞላ ገባን። ስለ ቃሉ ማንሣቱንም ተወው።

ቅዳሜ

ዛሬም ሙሉ ታንከር። ከምሥራቁ መደብ የማይድን አለ፤ የቀረው ግን ቅጠሉን አቅንቷል። ዝናቡ ገና ነው፤ ሞተሩ እስከዚያ ይጸና እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ መርፌውን ለማየት ጎንበስ ብዬ ሳለ ታምራት፣ «አባ፣ ወደ ኋላ ይበሉ፣ መስታወቱን ጋረዱብኝ» አለኝ። ይቅርታም አላስከተለም።

ደስ እያለኝ ወደ ኋላ አልሁለት።