ፊት የማይሸፍን ቃሬዛ

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምታውቂኝ ለቅሶ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ወሬ ልንገርሽ።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። እህቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው፣ ምስኪን። ወደ መካነ ሰላም ከተማ የሚወስደው መንገድ እንደተውሽው ነው። አምቡላንሱ ዛሬም ከወንዙ ወዲያ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሽተኛውን እዚያ የሚያደርሰው የመንደሩ መረዳጃ፣ የቅሬው ሸክም ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጤና ማስተማሬን ቀጥያለሁ። በሽተኛ በሸክም ሲጓዝ ምን እንደሚገጥመው ያጠናሁበት ወረቀት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው የጤና ጥናታቸውን ሰው ወደሚገለገልበት ዕቃ ለሚለውጡ መምህራን ገንዘብ እሰጣለሁ ሲል እኔም ቃሬዛ ይዤ ቀረብኩ። ራስጌው ከፍ ይላል፣ ጥላ አለው፣ ፊት ግን አይሸፍንም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ወሎ መች ቃሬዛ አጣ ብሎ ሳቀ። ፊት ለምን ይገለጣል ሲሉኝ ስለ ትንፋሽ ሠንጠረዥ አሳየኋቸው። ያንቺን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘለልኩት።

ገንዘቡን ፈቀዱ፤ ነገር ግን አንድ ቅሬ ተቀብሎ ካልተጠቀመበት ሥራው እዚያው ይቆማል አሉኝ። መካነ ሰላም ያለ ብረት በያጅ ሠርቶ ሲጨርስ ወደኛው ቅሬ ወሰድኩት። አይ መከራ! ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ እንቢ አሉ። የታመመ ሰው ፊቱ ከተገለጠ ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል አሉ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሰይድማ፣ ያረቢ፣ ልጄ፣ ይህን ለከተማ ሰው አድርገው አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። የሳንባ ምች ይዞሽ ስንወስድሽ ጋቢውን እስከ ፀጉርሽ የሳብኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጤና የማስተምረው ሰውዬ! ሲያፍንሽ ማንም አላየም፤ አምቡላንሱ ጋ ስናወርድሽ አልፈሻል። የት ላይ እንደተለየሽን እንኳ አላውቅም። ከሞቱ አሟሟቱ የሚሉት ይሄ ነው።

ያን ቀን ከፊት የተሸከሙሽ ሼህ ሰይድ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ከጋቢው ስር ግለጡኝ ስትዪ ሰምተው፣ አብሽሪ፣ ብርድ ይመታሻል፣ ደረስን ብለውሽ እንደነበር ነገሩን። ይህን በሆዳቸው ይዘው ነው ለቅሶሽ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት።

ተናደድኩባቸው፣ አልዋሽሽም። ግን እኔስ ከሳቸው በምን እሻላለሁ? እሳቸው ተነሥተው ቃሬዛው ላይ ተጋደሙና ተሸከሙኝ አሉ። ጎረምሶቹ እየሳቁ ወንዙ ድረስ ወስደው መለሷቸው። ሲወርዱ፣ ይህ ዕቃ ከቅሬው አይወጣም ብለው ፈረዱ።

ለዩኒቨርሲቲው የምልከው ሪፖርት የሥራው መነሻ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። መጀመሪያ የጥናቴን ርዕስ ጽፌ ነበር፤ ትናንት ሰረዝኩት። እናቴ ግለጡኝ ብላ ነበር፣ አልሰማናትም ብዬ ጻፍኩ። በየዓመቱ ለሚመጡት ተማሪዎቼም ስምሽን ጠርቼ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፣ እማዬ።

ልጅሽ